የታየውና የተባለው

በድሬዳዋ ልጅ የምናሳድግ ሁሉ ማታ ማታ የምናየው ነገር አለ። ተማሪው ከትምህርት ቤት ተመልሶ ስልኩን ይከፍትና «ይኸው ፎቶግራፉ» ብሎ የሰማውን ወሬ በሥዕል ያጸናዋል፤ እኛም ሥዕሉን ስላየን ብቻ «እንዲህ ከሆነማ» ብለን እናምናለን። ስለዚህ ለዛሬ ከከተማችን ታሪክ አንድ ነገር አንሥተን፥ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር እንዲመረምሩት ማቅረብ ወደድን።

ልጅ ኢያሱ በ1908 ዓ.ም. በድሬዳዋና በሐረር ሰንብተው ነበር። በዚያው ወራት «ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል» የሚል ወሬ በረታና መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ተሻሩ። ጥምጥም ጠምጥመው የሚያሳይ ፎቶግራፍም የክሱ ማስረጃ ሆኖ ሲጠቀስ ኖሯል። ተቀጥሎ የተሠራ ነው የሚሉ አሉ፤ የለም፥ እውነተኛ ነው የሚሉም አሉ።

ልጆች ይህን ሲሰሙ «ታዲያ የቱ ነው ልክ?» ማለታቸው አይቀርም። ጥያቄው መልካም ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ነው። ፎቶግራፉ እውነተኛ ነው ብንል እንኳ ዓይን የሚያየው ጥምጥሙን ነው፤ ሃይማኖትን ያሳየ ፎቶግራፍ ገና አልተነሣም። ደግሞስ ልጅ ኢያሱ በድሬዳዋ መስጊድ እንዳሠሩ ሁሉ፥ በአዲስ አበባ የቀጨኔ መድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል። የፊተኛውን ተናግሮ የኋለኛውን የደበቀ ሰው አንድም ቃል አልዋሸም፤ ሰሚው ግን ተታለለ። ልጆችን ለማስተማር ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ለአዋቂም ቢሆን አይቀልም።

ያን ጊዜ ሥዕል ለመቀጠል ባለሙያ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ግን በስልክ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ሐሰተኛ መረጃ የሚያሰራጨውን የሚቀጣ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል፤ ቢሆንም ሕግ የሚደርሰው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። አዛንና ደወል በአንድ ሰፈር በሚሰሙባት በድሬዳዋ አንድ ክፉ ሥዕል ጎረቤትን ከጎረቤት ለማለያየት አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

እኛ በቤታችን የሞከርነው እንዲህ ነው። ወረቀት ለሁለት ከፍለን፥ በአንዱ ወገን ዓይን ያየውን፥ በሌላው ወገን ላኪው ያለውን ብቻ ልጆቹ እንዲጽፉ አደረግን። ማን አነሣው? መቼ? ከሥዕሉ ጠርዝ ውጭ ምን ነበረ? «አላውቅም» የሚለውንም እንደ ሙሉ መልስ ተቀበልን።

በሦስተኛው ቀን ታናሺቱ እኛ ራሳችን ለዘመድ ልንልከው ያዘጋጀነውን ሥዕል አየችና «ይህንስ ከማን አገኛችሁት?» አለችን። ከማን እንደ ሆነ እንጂ ያ ሰው ከየት እንዳገኘው አናውቅም ነበር። ሥዕሉን ሳንልከው ቀረን።