«ዶክተር፣ ሥራዬን ልልቀቅ?»

ዛሬ ስለ ትኩሳት ወይም ስለ ክትባት አይደለም የምጽፈው።

ሰሞኑን አንዲት እናት የሦስት ወር ልጇን «ክብደት አልጨምር አለብኝ» ብላ አመጣችው። መዘንነው። ጨምሯል፣ ያውም በደንብ። ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ለካ የወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ አሥር ቀን ነው የቀረው። የመጣችው ልጁን ለማስመዘን ሳይሆን «ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ልመለስ?» ብላ ልትጠይቀኝ ነበር።

ይህን ጥያቄ ብዙ እናቶች ይጠይቁኛል። (እስካሁን አንድም አባት ጠይቆኝ አያውቅም።)

መጀመሪያ ራሳችሁን አትውቀሱ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። እኛ ሐኪሞች ደግሞ «እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ውሃም ቢሆን አትስጡ» እንላለን። 90 ቀን ሦስት ወር ነው። የቀረውን ሦስት ወር እንዴት እንደምትሞሉት የሚነግራችሁ የለም። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ ሒሳቡ ራሱ አይገጥምም።

ሥራ መልቀቅ መጥፎ ነው አልልም። ግን ሌሊት አራት ጊዜ እየተነሳችሁ ባላችሁበት በዚህ ወቅት ባትወስኑ እመርጣለሁ።

አንደኛ ነገር፣ ሥራ መጥላት የሚመስለው ሕመም ሊሆን ይችላል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ለቅሶ፣ ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ ማጣት፣ «እኔ ለልጄ አልበቃም» የሚል ሐሳብ ካለ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ታዩ፤ ይታከማል። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈሷችሁ ከሆነ ደም ማነስ፣ አንዳንዴም የታይሮይድ ችግር እንዲህ ያደክማል። ድብርት ያለባት እናት ሥራ ብትለቅ ድብርቱ አብሯት ቤት ይቀመጣል፤ ያውም ብቻዋን። ራሳችሁን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባችሁ ግን ለነገ ሳትሉ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።

ሌላው «ወተቴ ይደርቃል» የሚለው ፍርሃት ነው። ሥራ ወተት አያደርቅም። ወተት የሚቀንሰው ጡት ሳይጠባ ወይም ሳይታለብ ረጅም ሰዓት ሲቆይ ነው። ሥራ ከመጀመራችሁ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ማለብ ተለማመዱ። የግድ ማሽን አያስፈልግም፤ በታጠበ እጅ፣ በሙቅ ውሃ በጸዳ ክዳን ባለው ዕቃ ይታለባል። የታለበው ወተት ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል እስከ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ እስከ 4 ቀን ይቆያል። እንደ ድሬዳዋና ጋምቤላ ባለ ሙቀት ግን በ4 ሰዓቱ አትተማመኑ። ወተቱን አታፍሉት፤ ዕቃውን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሙት። ልጁ በጡጦ ሳይሆን በኩባያ ይጠጣ፤ ኩባያ ለማጽዳት ይቀላል። ሥራ ቦታም በየሦስት ሰዓቱ ገደማ እለቡ።

«የት ሆኜ?» ትሉኛላችሁ። እውነታችሁን ነው። እኔ ራሴ ስለ ጡት ማጥባት ጥቅም በምናስተምርበት ሆስፒታል፣ የዱቲ ክፍል በር ላይ ወንበር ደግፌ ነው ያለብኩት። ቢሆንም አለቃችሁን ጠይቁ። ያልተጠቀማችሁበት የዓመት ፈቃድ ካለ ከወሊድ ፈቃዱ ጋር እንዲያያዝላችሁም ጠይቁ። ሁለት ሦስት ሳምንት በዚህ ዕድሜ ቀላል አይደለም።

ስለ ገንዘቡ አንድ የሚያናድደኝ አባባል አለ፦ «ደመወዝሽ ለሞግዚት ነው የሚያልቀው፣ ምን ያደርግልሻል?» ልጁ የሁለት ሰው ነው። የሞግዚቷ ክፍያ ለምን ከእናት ደመወዝ ላይ ብቻ ይቀነሳል? ከሁለቱ ደመወዝ ላይ ቀንሳችሁ እንደገና አስሉት።

ልጁን የምታምኑት ሰው ከሌለ፣ ልጁ ያለ ጊዜው ተወልዶ ወይም ታሞ ልዩ ክትትል ከፈለገ፣ ወይም ሥራው ራሱ ጤናችሁን እየጎዳው ከሆነ ግን ልቀቁ፤ ማንም አያሳፍራችሁ። ብቻ ዝም ብላችሁ አትጥፉ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነው የሚለቀው፤ በጽሑፍ አድርጉት።

የዚያችን እናት ደም አሠራናት፤ ደም ማነስ ተገኘባትና መድኃኒት ጀመረች። የዓመት ፈቃዷንም ልትጠይቅ ሄዳለች። ቀጠሮዋ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ያኔ ልቀቂም ቆዪም አልላትም፤ ባለቤቷ አብሯት እንዲመጣ ግን ነግሬያታለሁ።