ዋጋው የወረደ፥ ወጪው ያልወረደ መኪና

በመሥሪያ ቤት ሥራ የኖረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው በጀት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሕንፃ የሚሠራበትና ዕቃ የሚገዛበት የካፒታል በጀት ሲሆን፥ ሁለተኛው ለሕንፃው ዘበኛ፥ ለመብራቱና ለጥገናው በየዓመቱ የሚወጣው መደበኛ በጀት ነው። አንድ ሹም የካፒታሉን ገንዘብ አስፈቅዶ ካሠራ በኋላ መደበኛውን ሳያስብ የቀረ እንደ ሆነ፥ ያማረው ሕንፃ በሩ ተዘግቶ አቧራ ሲጠጣ ይኖራል። ነጋዴም በበኩሉ ሸቀጡን በርካሽ ስለ ገዛ ብቻ አተረፍሁ አይልም፤ የመጋዘኑን ኪራይና የመጫኛውን ሒሳብ ሳይደምር መዝገቡን አይዘጋም። ይህን ሁሉ በሥራው ቦታ አጥርቶ የሚያውቀው ሰው፥ ለገዛ ራሱ ያገለገለ የስፖርት መኪና ሊገዛ የተነሣ ቀን ግን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ስንት ነው?» የሚለው ነው።

ጥያቄው የሚነሣው ከሁሉ ይልቅ በውጭ አገር ለሚኖሩ የአገር ልጆች ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ ከብዙ በጥቂቱ የተዘጋ ሆኗል፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል፤ በ2024 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በአሜሪካ ግን፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በቨርጂንያ አውራጃዎች፥ ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ፥ ሥራው የተደላደለ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሽያጭ ማስታወቂያ ሲመለከት፥ በወጣትነቱ በመጽሔት ሥዕል ብቻ ያየው መኪና በኪሱ አቅም ተጽፎ ያገኘዋል። ምኞቱ የሚያስነቅፍ አይደለም። የሚያስፈራው ዋጋው ነው፤ የሚያስፈራውም ትንሽ በመሆኑ ነው።

ለምሳሌ ፖርሽ ቦክስተር የተባለውን መኪና ማየት ይበቃል። ይህ ባለ ሁለት መቀመጫ፥ ባለ ሸራ ጣራ መኪና ለገበያ የወጣው በ1996 ሲሆን፥ በአሜሪካ አዲሱ ሲሸጥ ዋጋው 40 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። እስከ 2004 ድረስ የተሠራው የመጀመሪያው ትውልድ ዛሬ ከአንድ አዲስ ትንሽ የቤት መኪና እጅግ ባነሰ ገንዘብ ይገኛል። ገዢው ታዲያ የትንሽ መኪና ዋጋ ከፍሎ የትንሽ መኪና ወጪ የሚጠብቀው ይመስለዋል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። የመሸጫውን ዋጋ ያወረደው ዕድሜና የገዢዎች ምርጫ ነው፤ የጥገናውን ዋጋ የሚወስነው ግን የመኪናው አሠራር ነው፤ አሠራሩም ያው በ40 ሺህ ዶላር የተሸጠው ነው።

ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሲሆን የተቀመጠው ከመቀመጫዎቹ በስተኋላ፥ ከኋላ ጎማዎች በስተፊት ነው። መካኒክ እንደ ሌላው መኪና ኮፈኑን ብድግ አድርጎ ሊያየው አይችልም፤ ወይ ከሥር ይገባል ወይ ሸራውን አንሥቶ ከላይ ይጎነበሳል። ለመድረስ ያጠፋው ሰዓት ሁሉ በሒሳቡ ላይ ይጻፋል። ትንሽ የቤት መኪና አራት ሊትር ያህል ዘይት ሲበቃው ይህ ከስምንት ሊትር በላይ ይጠጣል። የፊትና የኋላ ጎማዎቹ ስፋታቸው ልዩ ልዩ ስለ ሆነ፥ የኋላው ሲያልቅ ከፊተኛው ጋር አዛውሮ ጥቂት ወራት ማትረፍ አይቻልም። ራዲያተሮቹም ከፊት ለፊት በዝቅተኛው ቦታ ስለ ተቀመጡ የመንገዱን ቅጠልና ጉድፍ እየሰበሰቡ፥ ካልጸዱም እየዛጉ ይሄዳሉ። ቤንዚኑም ቢሆን ውድ የሆነው ዓይነት ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ በእነዚህ ሞተሮች ውስጥ ስሟ ከመጠኗ የገነነ አንዲት ኩሽኔታ አለች። መካከለኛውን ዘንግ የምትደግፈው ይህች ኩሽኔታ የተበላሸች እንደ ሆነ ስብርባሪዋ በዘይቱ ይሠራጫል፤ የዘንጉም አቀማመጥ ይዛባና ሞተሩ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። በዚሁ ምክንያት በአሜሪካ ከ2001 እስከ 2005 የተሠሩ መኪናዎች ባለቤቶች በኅብረት ከስሰው ጉዳዩ በ2013 በስምምነት አልቋል። አብዛኞቹ መኪናዎች ይህ አደጋ ሳይደርስባቸው ኖረዋል፤ ቢሆንም ኩሽኔታዋን አስቀድሞ መለወጥ የሚፈልግ ሰው ካምቢዮውን ማስወረድ ስላለበት፥ አስተዋዮቹ ፍሪሲዮን የሚለወጥበትን ጊዜ ጠብቀው ሁለቱን በአንድ ያሠራሉ። ሻጭ «ፍሪሲዮኑ ገና ነው» ባለ ጊዜ ታዲያ ገዢው የኩሽኔታዋን ደረሰኝ መጠየቅ አለበት።

አሁን ነገሩ በቁጥር ይታይ። የሚከተለው ለምሳሌ ያህል የቀረበ ግምት ነው፤ ማንም ሰው የራሱን ቁጥር ሊተካበት ይችላል። አንድ ባለ ትዳር ከግብር በኋላ በወር 5,000 ዶላር ያገኛል እንበል። የቤት ኪራይ፥ ምግብ፥ የልጆች ወጪ፥ የቤተሰቡ መኪናና በየወሩ ወደ አገር ቤት ለእናቱ የሚልከው ገንዘብ ተነሥቶ 500 ዶላር ይተርፈዋል። በባንክ ደግሞ 12,000 ዶላር አጠራቅሟል፤ የመኪናውም ዋጋ 12,000 ነው። በእርሱ ዐይን ሲታይ ሒሳቡ ልክ መጥቷል።

ዳሩ ግን ገና ከመነሻው ቨርጂንያ በመኪና ሽያጭ ላይ 4.15 በመቶ ታስከፍላለች፤ ይህም 498 ዶላር ነው። ከዚያም በየዓመቱ የሚመጣው ይቀጥላል። ለመድን 1,400 ይያዝ። በዓመት 6,000 ማይል ቢነዳና በጋሎን 20 ማይል ቢሄድ 300 ጋሎን ይፈልጋል፤ በ4 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሲታሰብ 1,350 ይሆናል። የቨርጂንያ አውራጃዎች በመኪና ላይ በንብረትነቱ ዓመታዊ ግብር ያስከፍላሉ፤ ዓመታዊ ምርመራም አለ፤ ለሁለቱና ለሰሌዳው 450 ይበቃ ይሆናል። ለዘይት፥ ለፍልትሮና ለተራ ጥገና 600፤ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ለሚለወጠው የ900 ዶላር ጎማ የዓመቱ ድርሻ 300፤ ለፍሪሲዮንና ለኩሽኔታ በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ 4,000 ቢወጣ የዓመቱ ድርሻ 800፤ ላልታሰበ ነገር 700። ድምሩ በዓመት 5,600፥ በወርም 467 ዶላር ገደማ ነው። ከትርፉ ከ500ው የሚቀረው 33 ዶላር ነው ማለት ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ደግሞ 28,000 ዶላር ይወጣል፤ ይህም ከተገዛበት ዋጋ ከእጥፍ በላይ ነው።

ከዚህም የሚብሰው ነገር አለ። በወረቀት ላይ በአምስት ዓመት የተከፋፈለው 4,000 ዶላር ተከፋፍሎ አይመጣም። በአንድ ቀን፥ ምናልባትም በተገዛ በሦስተኛው ወር ይመጣል። በዚያን ቀን 12,000ውን በሙሉ ለሻጩ ያስረከበው ሰው መኪናውን ጋራዥ አቁሞ ወይ በወለድ ይበደራል፥ ወይ ወደ አገር ቤት የሚላከውን ያዘገያል። እናቲቱ ለምን እንደ ዘገየ አይነገራትም፤ «ሥራ ቀዝቅዞ ነው» ይባላል። የዚህ መኪና እውነተኛ ዋጋ የተደበቀው በዚህ ቃል ውስጥ ነው። ስለዚህ 12,000 ዶላር ያለው ሰው መፈለግ ያለበት የ12,000 መኪና ሳይሆን የ8,000 ወይም የ9,000 መኪና ነው፤ የቀረው በባንክ ተቀምጦ ያንን ቀን ይጠብቅ።

ስለ ዕቁብም አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። በውጭ ያሉት የአገር ልጆች ዕቁባቸውን አልተዉምና፥ ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው በእጁ የገባውን ገንዘብ እንደ ቁጠባ ቆጥሮ መኪና ሲገዛበት ይታያል። ዕጣው በመጨረሻ የደረሰው ሰው የጨበጠው በእርግጥም የገዛ ቁጠባው ነው። በመጀመሪያ የደረሰው ግን የጨበጠው ወለድ የሌለው ብድር ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የየወሩ መዋጮ ከላይ በተጻፈው 467 ዶላር ላይ ይደመራል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚችል ደመወዝ ጥቂት ነው።

እንግዲህ የ9,000 መኪና ይፈለግ ሲባል ርካሹ ሁሉ ይገዛ ማለት አይደለም። ያረጀ የስፖርት መኪና ገበያ እንደ ሌላው ገበያ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የረከሰው ከሁሉ የሚወደደው ነው። የጥገና ደረሰኞቹ ከመጀመሪያው ባለቤት ጀምሮ በፋይል የተያዙለት፥ ፍሪሲዮኑና ኩሽኔታው የተለወጡለት መኪና ከጎረቤቱ 3,000 ዶላር ቢበልጥ፥ ያ ሦስት ሺህ ባለቤቱ የከፈለው የጋራዥ ሒሳብ ነው፤ ገዢው ለራሱ ቢያሠራው ከዚያ ይበልጥበታል። ገንዘቡ የዚህን ዓይነቱን ቦክስተር ከነመጠባበቂያው የማይችል ከሆነ፥ ርካሹን ቦክስተር ከመፈለግ ዓይነቱን መለወጥ ይሻላል።

የሚለወጥበትም አለ። ማዝዳ በ1989 በቺካጎ ያቀረበው ኤም ኤክስ 5፥ በአሜሪካ ሚያታ የሚባለው፥ እንዲሁ ባለ ሁለት መቀመጫና ባለ ሸራ ጣራ ነው። የመጀመሪያው ሞተር ባለ 1.6 ሊትርና ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆን ዝርያው ከተራው ማዝዳ 323 ነው፤ ከፊት ተቀምጦ ኮፈን ሲነሣ ፊት ለፊት ይታያል። በ2016 አንድ ሚሊዮንኛው ስለ ተሠራ መለዋወጫው በየቦታው አለ። ዝገት ያጠቃዋል፤ በተለይም ከበሮቹ ሥር መታየት አለበት። ጎረቤት በአድናቆት አይዞርበት ይሆናል። መኪናውን የሚፈልገው በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ለመንዳት ከሆነ ግን ደስታው አይጎድልም፤ የሚፈልገው የፖርሽን አርማ ከሆነ ደግሞ ይህን ለራሱ ቢናገር ሒሳቡን በትክክል ለመሥራት ይረዳዋል።

በዚህ ጉዳይ የገዢዎቹም ክርክር መሰማት ይገባዋል። አዲስ የቤት መኪና በብድር የሚገዛ ሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብቻ ብዙ ሺህ ዶላር ከዋጋው ይጎድልበታል፤ ማንም ግን አባካኝ አይለውም። ሃያ ዓመት የሞላው የስፖርት መኪና በአንጻሩ መውረዱን አብዛኛውን ጨርሷል፤ በደንብ የተያዘ እንደ ሆነ ከአምስት ዓመት በኋላ ከተገዛበት ብዙም ሳይርቅ ሊሸጥ ይችላል። ይህ ክርክር እውነት ነው። ነገር ግን «በደንብ የተያዘ እንደ ሆነ» የሚለው ሐረግ ያንኑ 28,000 ዶላር በውስጡ ይዟል። ደግሞም አዲሱ የቤት መኪና አምስት ሰው ይዞ ይሄዳል፤ ባለ ሁለት መቀመጫው ግን ልጆች ላለው ሰው ሁለተኛ መኪና እንጂ አንደኛ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ የሚነጻጸረው ከሌላው መኪና ዋጋ ጋር ሳይሆን ምንም ካለመግዛት ጋር ነው። በዚህ መዝገብ ላይ ወጪው ንጹሕ የደስታ ወጪ ተብሎ ይጻፍ። ለደስታ ማውጣት አያሳፍርም፤ በሌላ ርእስ ሥር መመዝገቡ ነው ኦዲተር የሚያስጠራው።

ቁርጡን ማወቅ ለሚሻ ሰው ከግምት የሚሻል ፈተና አለ። መኪናው እንደ ተገዛ ተቆጥሮ ከግንቦት ጀምሮ በየወሩ 467 ዶላር በሌላ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፤ የእናት ገንዘብም በቀኑ ይላክ፤ ዕቁቡም ይከፈል። ሚስትም ሒሳቡን ታየው፤ የጎደለውን ከማንም ቀድማ የምታውቀው እርስዋ ናት። ሁለት ወር ሳይሞላ ከዚያ ገንዘብ መቆንጠር የተጀመረ እንደ ሆነ መልሱ ተገኝቷል፤ የጠፋም ነገር የለም። ስድስቱ ወራት ያለ ብድር ያለፉ እንደ ሆነ ግን 2,802 ዶላር ተጠራቅሟል፤ ጊዜውም ኅዳር መግቢያ ነው። በዚያ ወራት ብርዱ ሲጀምር ሸራ ጣራ የሚፈልግ ጥቂት ስለ ሆነ ሻጮች ለድርድር ይለዝባሉ። ገዢው ወደ ሻጩ ሲሄድ ይህን ዓይነት መኪና የሚያውቅ መካኒክ ከፍሎ ይውሰድ፤ መኪናው ወደ ላይ ተነሥቶ ሥሩ እስኪታይም ድረስ ስለ ዋጋ አንድ ቃል አይናገር።