ኮከቡ ሲሄድ ሜዳው ላይ ማን ይቀራል?

ነገሩ ለቅርጫት ኳስ አፍቃሪ አዲስ አይደለም። የኤንቢኤ የውድድር ዘመን ሲያበቃ አንድ ኮከብ ተጫዋች ወደ ሩቅ አገር ይበራል። ታዳጊዎች ተሰልፈው ይጠብቁታል። እሱም ኳስ ያነጥራል፣ አንድ ሁለቴ ዳንክ ያደርጋል፣ ቲሸርት ያድላል፣ ፎቶ ይነሳል። ማታ የባህል ጭፈራ ያያል። በማግስቱ "የባህል ልውውጥ ተካሄደ" ተብሎ ይነገራል። ታዲያ አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ሜዳው ላይ ማን ይቀራል? ብዙ ጊዜ መልሱ "ማንም" ነው።

ይህ ሲባል አጭር ጉብኝት ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ በ2001 በጣሊያኗ ትሬቪዞ ከተማ የሆነውን ማየት ይበቃል። ሰርቢያዊው ቭላዴ ዲቫችና ክሮኤሺያዊው ቶኒ ኩኮች በጦርነት ከተበታተነችው ዩጎዝላቪያ የተሰባሰቡ ታዳጊዎችን በአንድ ሜዳ ላይ አሰልጥነዋል። ሁለቱ ኮከቦች በ1990 ለዩጎዝላቪያ ተሰልፈው የዓለም ሻምፒዮን የሆኑ ናቸው። ዲቫች በዚያው ቡድን ውስጥ ከነበረው የልብ ጓደኛው ድራዠን ፔትሮቪች ጋር በአገራቸው መከፋፈል ሳቢያ ተቆራርጦ፣ ሳይታረቁ ፔትሮቪች በ1993 በመኪና አደጋ ሞቷል። እንዲህ ያለ ቁስል ያለበት ሰው ለልጆች የሚያስተምረው ኳስ ማንጠር ብቻ አይደለም። የባህል ልውውጥ የሚባለው ይሄ ነው።

"ቅርጫት ኳስ ያለ ድንበር" የተሰኘው የኤንቢኤና የፊባ ፕሮግራም የተጀመረው በዚያ ካምፕ ሲሆን በ2003 ጆሃንስበርግ ላይ አፍሪካ ገብቷል። ከዚያ ካምፕ ካለፉት አንዱ ካሜሩናዊው ሉክ ምባ አ ሙቴ ነው። ምባ አ ሙቴ ኤንቢኤ ሲገባ የመጣበትን አልረሳም። አገሩ ላይ የራሱን ካምፕ ከፈተ። ገና ቅርጫት ኳስ የጀመረው ጆኤል ኤምቢድ የታየው እዚያ ነው፤ ፓስካል ሲያካምም በዚያው ካምፕ አልፏል። ኤምቢድ የ2022/23 የኤንቢኤ ኮከብ ተጫዋች ሲባል፣ ሲያካም በ2019 ከቶሮንቶ ራፕተርስ ጋር ዋንጫ አንስቷል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ማለት ነው። ምባ አ ሙቴ ፎቶ ተነስቶ ቢቀር ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር።

ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ ካሜራ ያልተከተለው ታሪክ ነው። የቀድሞው የኤንቢኤ ተጫዋች ማኑቴ ቦል ግብፅ ውስጥ የሱዳን ስደተኛ ልጆችን ቅርጫት ኳስ ሲያስተምር አጠገቡ ከነበሩት አንዱ ትንሹ ሉኦል ዴንግ ነበር። ዴንግ አድጎ በኤንቢኤ ከተጫወተ በኋላ የደቡብ ሱዳን ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ከኪሱም እያወጣ ብሔራዊ ቡድን ገነባ። ቡድኑ በ2024 ለንደን ላይ በወዳጅነት ጨዋታ አሜሪካን አስጨንቆ 101 ለ100 ተሸነፈ። ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ደግሞ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 ረታ። ቦል በ2010 ስላረፈ ይህን አላየም። የዘራው ግን በቀለ።

እርግጥ ነው ቅሬታም አለ። ካምፑ ረጅሙን ልጅ መርጦ ወደ አሜሪካ ይወስዳል፣ የቀሩት ቲሸርታቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ የሚሉ አሉ። አልተሳሳቱም። ለአንድ ኤምቢድ በር ሲከፈት ስንቱ ልጅ ደጅ ላይ እንደሚቀር መርሳት አይገባም። መፍትሄው ግን እንግዳውን መከልከል ሳይሆን ለቀሩት ልጆች የሚሆን ነገር እንዲተው መጠየቅ ነው። ለአገሬው አሰልጣኝ ስልጠና ይስጥ። ኳሱና ቅርጫቱ እዚያው ይቅር። በዓመቱም ተመልሶ ይምጣ። ልውውጥ ከተባለ ደግሞ እሱም ይማር፤ ልጆቹ በምን ሜዳ፣ በምን ጫማ፣ ስንት ሰዓት በእግር ተጉዘው እንደሚጫወቱ ይጠይቅ።

አበው "እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው" ይላሉ። በታዳጊዎች ስልጠና ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ኮከብ ያብረቀርቃል፤ ወርቅነቱ የሚታወቀው በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያም በሦስተኛው ዓመት ነው። ነገ አንድ ታላቅ ተጫዋች አዲስ አበባ ቢመጣም የስፖርት ኃላፊዎች ፎቶ ለመነሳት ከመጋፋታቸው በፊት "መቼ ትመለሳለህ?" ብለው ይጠይቁት።