ክራሩን ከግድግዳ እናውርደው

በዚህ ዓምድ ዘወትር የምናነሣው ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ስለ ንግድ ፈቃድ እድሳትና ስለ ኢንሹራንስ ነው። ዛሬ ግን በየሱቃችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ስለሚጠጣው ክራር ላወጋችሁ ፈልጌአለሁ።

ነገሩን ያነሣሁት ራሴን ታዝቤ ነው። እዚሁ ሊንደን፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ባለችው ሱቄ፣ ከገንዘብ መቀበያው በላይ አንድ ክራር ሰቅያለሁ። በገና ሰሞን የአንድ ደንበኛዬ ልጅ፣ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ «ጋሼ፣ እስቲ ይጫወቱልኝ» አለችኝ። አውርጄ ብነካካው አንዱ ክር ተበጠሰ፤ የቀሩትም ላልተዋል። «እሱ ለጌጥ ነው» ብዬ መለስኩት። ልጅቷም አመነችኝ። ያሳፈረኝ ማመኗ ነው።

«ጊዜ የለንም» እንላለን። ከንጋት እስከ ሌሊት መሪ ጨብጦ ለሚውል ሰው ይህ ሰበብ አይደለም፣ እውነት ነው። ቢሆንም የአርቲስት ኃይሉ መርጊያን ታሪክ ያስቡ። የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ በ1981 እ.ኤ.አ. ከባንዱ ጋር አሜሪካ መጥተው ዋሽንግተን ቀሩ። በ1985 በአኮርዲዮን አንድ ካሴት ቀዱ። ከዚያም ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዱ። በደላስ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ ከመኪናቸው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርዳቸውን አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ከመድረክ የሚጠራቸው በዛ፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጡ።

ይህን የምጽፈው ዝና ይጠብቀናል ለማለት አይደለም። እጃቸው ሳይዝግ የቆየው ጡረታን ስላልጠበቁ መሆኑን ለማሳየት ነው። እኛም ተሳፋሪ የምንጠብቅበት፣ ገበያ የሚቀዘቅዝበት ሰዓት አለን። ሩብ ሰዓት ይበቃል።

ክራር ከአገር ቤት ለማስመጣት ካሰቡ ሦስት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ለቱሪስት የሚሸጠው ያሸበረቀ ክራር ብዙውን ጊዜ ለእይታ እንጂ ለጨዋታ አልተሠራም፤ ስለዚህ የሚጫወት ሰው ሞክሮ ይግዛልዎ። ሁለተኛ፣ መሣሪያው የእንስሳ ቆዳ ካለበት አየር ማረፊያ ሲደርሱ ያስመዝግቡት፤ በደንብ ያልለፋ ቆዳ ሊወረስ ይችላል። ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ2006 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ከበሮ ሠሪ ከአፍሪካ ከመጣ ያልለፋ ቆዳ በአንትራክስ በሽታ ተይዞ ነበር። ሦስተኛ፣ የኦሃዮ ክረምት ሲገባ የቤት ማሞቂያው አየሩን ስለሚያደርቅ እንጨቱ ይሰነጠቃል፤ ከማሞቂያው አጠገብ አይስቀሉት። ክር ቢበጠስ ደግሞ ተስፋ አይቁረጡ፤ የናይለን ክር ከሆነ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይተካዋል።

አስተማሪስ? አስተማሪ ከመካከላችን አይጠፋም። አገር ቤት ክራር ወይም ማሲንቆ ይዞ ያደገ፣ ዛሬ ግን ታክሲ የሚነዳ ወይም መጋዘን የሚሠራ ወንድም አለን። ሠርግ ሲኖረን ብቻ ጠርተን፣ አብልተን በምስጋና የምንሸኘው እሱን ነው። ነጋዴዎች ነንና የሰው ጊዜ ዋጋ እንዳለው እናውቃለን። አምስት ስድስት ሆነን እንደ ዕቁብ በየሳምንቱ እያዋጣን እንክፈለው፤ ልጆቻችንን ያስተምር፤ እኛም አብረን እንማር። ከአራቱ ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ አንዱን ብቻ ብንይዝ እንኳ ትርፍ ነው።

እኔ ሱቄን ከመክፈቴ በፊት ሩብ ሰዓት መለማመድ ጀምሬአለሁ። ገና ክሩን መቃኘት ነው የያዝኩት። ያቺ ልጅ ስትመለስ ግን ለጌጥ ነው አልላትም።