የኮሌጅ ዋጋና የአባት ኪስ

በጁባ ልጁን ኮሌጅ የሚያስገባ አባት የሚከፍለው በማስታወቂያ የወጣውን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ኪራይ፥ ቀለብና መጓጓዣ ይከተሉታል። በታኅሣሥ 2015 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ዶላር በአንድ ቀን ከ3 ፓውንድ ገደማ ከ18 በላይ ሲዘል፥ የተቈጠበው ሁሉ ቀለለ።

ርዳታ የሚያድል ኮሚቴ የአባትን ዐቅም ከደመወዝ መዝገብ ቢለካ ይሳሳታል። የመንግሥት ሠራተኛ ለወራት ሳይከፈለው የቈየበት ጊዜ ብዙ ነውና፥ በመዝገብ ባለ ደመወዝ የተባለው በቤቱ ባለ ዕዳ ነው። ነጋዴውማ በመዝገቡ የለም፤ እኛም ትርፋችንን ለመናገር አንቸኵልም!

በኢትዮጵያ በ2003 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የወጣው ደንብ ቍጥር 91 ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን፥ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን ሥራ ከያዘ በኋላ እንዲከፍል ወሰነ እንጂ የአባትን ኪስ በመግቢያው ቀን አልፈተሸም። የጁባ ኮሌጆች ይህን መከተል ባይችሉ እንኳ፥ የተጻፈውን ሳይሆን በእጅ የገባውን ደመወዝ በዚያው ወር የገበያ ዋጋ ይመዝኑ ዘንድ እናሳስባለን።