ለካዛንቺስ ችግኞች ጉዝጓዝ ይጎዝጎዝላቸው

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ዓለም አወራልን። ሐምሌ 24 ቀን 2017 ደግሞ ዕቅዱ 700 ሚሊዮን ነበር። ሁለቱም ሐምሌ ላይ መሆናቸውን ልብ በሉ። ሐምሌ ላይ ሰማዩ በነፃ ያጠጣል፣ አፈሩ ለስላሳ ነው፣ ፎቶውም ያምራል። የችግኝ ዋናው ፈተና ግን የሚጀምረው ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ከሄደ በኋላ ነው። ያኔ ካሜራም የለም፣ አካፋ ይዞ የሚሰለፍም የለም።

ከመስቀል አደባባይ በኢሲኤ በኩል ወደ ካዛንቺስ ስወጣ ከሕንፃዎቹ ይልቅ የዛፎቹን ግርጌ አያለሁ። አፈሩ ራቁቱን ነው። እንደ ሊሾ ወለል ተጠርጎ፣ ፀሐይ መትቶት ደርቋል። ቤት ፈርሶ ማሽን በተመላለሰበት መሬት ላይ ውሃ ሲፈስበት ግማሹ ሳይሰርግ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። የሰረገውንም ፀሐይዋ ትመጠዋለች።

መፍትሔው የቆየ ነው፤ ጉዝጓዝ። የግብርና ሰዎች ሙልች የሚሉት ማለት ነው። በችግኙ ዙሪያ ደረቅ ቅጠል፣ የታጨደ ሣር፣ ሰጋቱራ ወይም የተከተፈ ቅርንጫፍ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ማንጠፍ፣ በቃ። አፈሩን ከፀሐይ ይከልላል፣ እርጥበቱን ያቆያል፣ አረም ያፍናል፣ ቀስ በቀስ በስብሶ ደግሞ አፈሩን ያለሰልሰዋል። የአዲስ ችግኝ ሥር ገና ጥልቅ ስላልሄደ ላይኛው አፈር ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል። ትልቅ ዛፍ የሚቋቋመውን የጥር ፀሐይ እሱ አይችለውም። ጫካ ውስጥ እኮ ቅጠል የሚጠርግ የለም፤ ዛፎቹ ራሳቸው ለራሳቸው ይጎዘጉዛሉ።

እኛ ግን ተቃራኒውን ነው የምናደርገው። የወደቀው ቅጠል በጠዋት ተጠርጎ ከቆሻሻ ጋር ይጫንና ወደ ረጲ፣ ወደ ቆሼ ይሄዳል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው የቀበረው ያው ቆሼ ማለት ነው። ከዚያ በበጋ ውሃ በቦቴ አስመጥተን ያንኑ ዛፍ እናጠጣለን። ቅጠሉን ለማውጣት ነዳጅ፣ ውሃውን ለማምጣት ነዳጅ። ውሃውም ቢሆን ሰፈር ውስጥ በፈረቃ የሚጠበቅ ውሃ ነው። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይቅርና ሱቅ የሚጠብቅ ልጅም ይህ ሒሳብ እንደማያዋጣ ያውቃል።

ታዲያ ለምን አይደረግም? ቻርልስ ጉድኸርት የሚባል እንግሊዛዊ ኢኮኖሚስት በ1970ዎቹ (በፈረንጆቹ) ባነሳው ሐሳብ ነው የማየው፤ አንድ መለኪያ ራሱ ግብ ሲሆን ጥሩ መለኪያ መሆኑ ይቀራል። የተተከለ ችግኝ ከተቆጠረ የተተከለ ይበዛል። የጸደቀው ሪፖርት ላይ እንደ ተተከለው አይጮህም። ጠራጊዋም የምትለካው መሬቱ ምን ያህል እንደጸዳ ነው። ከዛፉ ሥር ቅጠል ብትተው «ሰነፍ» ትባላለች እንጂ ማን ያመሰግናታል? ስለዚህ እሷ ላይ መፍረድ አይቻልም። ትእዛዙ ነው መቀየር ያለበት።

«ያስጠላል፣ ነፋስ ይበትነዋል» የሚል ይኖራል። ቀላል ገለባ በእርግጥ ይበተናል፣ ጭድም ለከብት እንኳ ተወዷል። ለዋና መንገድ የሚሻለው ከዛፍ ሲከረከም የሚጣለው ቅርንጫፍ ተከትፎ ነው፤ ከባድ ስለሆነ ይቀመጣል፣ ንጹሕም ይመስላል። ማስጠላት ካልን ደግሞ፣ እኛ ለቡና ቄጠማ ጎዝጉዘን እንግዳ የምንቀበል ሰዎች ነን። ጉዝጓዝ ክብር መሆኑን ከማንም በላይ እናውቃለን።

ጥንቃቄም አለው። ጉዝጓዙ ግንዱን መንካት የለበትም። ተከምሮ ግንዱ ላይ ከተደገፈ እርጥበቱ ልጡን ያበሰብሰዋል። ቀለበት ይሁን፣ መሐሉ ክፍት። መጀመሪያ አፈሩን ነካ ነካ አድርጎ ማላላትና በደንብ ማጠጣት፣ ከዚያ ማንጠፍ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ለጊዜው ይቅር፤ ለሌላ ተክል ብዙም አይመችም።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች ነው። በ2017 ለኮሪደር ልማቱ ብዙ ነባር ቤት ፈርሶ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቶ ወደየአቅጣጫው ሄዷል። ስለ ልማቱ ያላችሁ አቋም ምንም ይሁን ምን፣ ይህን ያህል ዋጋ ተከፍሎበት የተተከለ ዛፍ በአንድ ጆንያ ቅጠል እጦት ሲደርቅ ማየት ያማል።

ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልገውም። የጠረገውን ቅጠል ከመጫን ይልቅ እዚያው ዛፉ ሥር እንዲተው ለጽዳት ማኅበራት አንድ ደብዳቤ ይበቃል። የካፌ ባለቤቶችም ደጃፋችሁ ያለውን ችግኝ ታውቁታላችሁ፤ የበዓል ቄጠማውን ስታወጡ ፕላስቲኩን ለይታችሁ እዚያ አድርጉት። ስልክ የያዛችሁ ደግሞ ሐምሌ ላይ ፎቶ የተነሳችሁበትን ችግኝ ጥር ላይ ሄዳችሁ አንሱት፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ለጥፉልን።