ፖተር የሣለችው ተገፍታ ነውን?

ስለ ልጆች መጽሐፍ ደራሲና ሥዓሊዋ ስለ ቢያትሪክስ ፖተር በተጻፈ ቁጥር አንድ ታሪክ ይደገማል። ሴትዮዋ የእንጉዳይ ተመራማሪ ነበረች፤ የለንደኑ ሊኒየን ማኅበር በሴትነቷ በሩን ዘጋባት፤ ከዚያም ቅስሟ ተሰብሮ ወደ ልጆች መጽሐፍ ሥዕል ዞረች ይባላል። በደሉን አልክድም። በ1897 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ስለ እንጉዳይ ስፖሮች አበቃቀል ያዘጋጀችው ጥናት ለማኅበሩ ሲቀርብ፣ ጉባኤው ሴት ስለማያስገባ ያቀረበላት ጆርጅ ማሲ ነበር። ጥናቱም ሳይታተም ቀረ። እኔ የምከራከረው «ከዚያም» ከምትለው ቃል ጋር ነው።

ዘመኑን እንቁጠር። ፖተር የጥንቸል ሥዕሎቿን ለካርድ አሳታሚ በ6 ፓውንድ የሸጠችው በ1890 ነው። የጥንቸሉን የፒተር ራቢትን ተረት ለታመመው ለትንሹ ኖኤል ሙር በደብዳቤ ላይ እየሣለች የላከችው በ1893 ነው። ጉባኤው ገና አራት ዓመት ይቀረው ነበር። መጠጊያ ነው የተባለው ሥራ ከመገፋቷ በፊት ተጀምሯል።

ከዘመኑ ይልቅ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው፤ ይህ አተራረክ ሥዓሊነትን የማጽናኛ ሥራ ያደርገዋል። ፖተር እንዲያ አልያዘችውም። አሳታሚዎች ሲመልሷት በ1901 የፒተርን ተረት በገዛ ገንዘቧ 250 ቅጂ አሳተመች፤ መጽሐፉ ለልጅ እጅ የሚመች ትንሽ፣ ዋጋውም የማይከብድ እንዲሆን ፈለገች። በ1902 አሳታሚው ፍሬደሪክ ዋርን በቀለም አወጣው። በማግሥቱ ዓመት የፒተርን አሻንጉሊት ራሷ ሠርታ መብቱን አስመዘገበች። አሳታሚው በበኩሉ አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብቱን ሳያስከብር ቀርቶ መጽሐፉ እዚያ ያለ ፈቃድ ይታተም ጀመር። ከሁለቱ ነጋዴዋ ማን እንደሆነች አንባቢ ይፍረድ።

ሥዕሎቹንም ቀረብ ብሎ ማየት ነው። ፒተር ሰማያዊ ኮት ለብሷል፤ የኮቱ ቁልፎች መረብ ውስጥ ተጠላልፈው ኮቱን ጥሎ ሲያመልጥ ግን የምናየው እውነተኛ ጥንቸል ነው፤ የኋላ እግሩ አጥንት የሚታጠፍበት፣ ጆሮው ከራስ ቅሉ የሚነሣበት ቦታ አልተሳተም። ይህ እጅ የመጣው ቤቷ ካሳደገቻቸው ጥንቸሎችና አይጦች፣ በማይክሮስኮፕም ካጠናቻቸው እንጉዳዮች ነው። እንጉዳዩን የሣለው እጅና ጥንቸሉን የሣለው እጅ አንድ ነው፤ አንዱ የሌላው ምትክ ሊሆን አይችልም።

ማጽናኛ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ባልተወችው ነበር። በ1913 ዊልያም ሂሊስን ካገባች በኋላ በሌክ ዲስትሪክት የኸርድዊክ በጎች ርቢ ልቧን ወሰደው፤ ዓይኗም እየደከመ ስለሄደ ከአዳዲስ ሥዕል እየራቀች መጣች።

የ1897ቱ ጥናት ጽሑፍ ዛሬ የለም። በ1967 ግን ስለ እንግሊዝ እንጉዳዮች የሚያስረዳ መጽሐፍ ሲታተም፣ ከሥዕሎቿ 59ኙ ገቡበት።